የአባባ የሽንት ከረጢት ለምን ሐምራዊ ሆነ?

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እንደ ልማዴ ነጠላዬን ሳላወልቅ ወደ አባባ ክፍል ገባሁ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ አልጋው ጎን የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ሐምራዊ ሆኗል። ቀይ ቢሆን ደም ነው ብዬ እጮህ ነበር። ጠቆር ያለ ቢጫ ቢሆን ውኃ አንሷቸው ነው እል ነበር። ይሄኛው ግን ልጆች ደብተራቸው ላይ የሚቀቡት ዓይነት፣ የለየለት ሐምራዊ ነው። ከረጢቱም፣ ወደ ከረጢቱ የሚወርደው ቱቦም። አባባ ተኝተዋል። ግንባራቸውን ዳሰስኩ፤ ትኩሳት የላቸውም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የዘጠኝ ዓመቱን ትንሹን ልጄን ነው። ጠርቼ፣ “ቀለም ጨምረህበታል እንዴ?” አልኩት። “እኔ? ይሸታል እኮ!” ብሎኝ ሄደ።

አባባ 82 ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋና ከወንበር ብዙ አይርቁም፤ በመደገፊያ እያዘገሙ መጸዳጃ ቤት ደርሰው ይመለሳሉ፣ ያ ነው መንገዳቸው። ፕሮስቴታቸው አብጦ ሽንት ስለከለከላቸው፣ ልባቸውም ለቀዶ ሕክምና አይሆንም ስለተባለ፣ ካቴተር ገብቶላቸው ከረጢት ይዘው ነው የሚኖሩት። ከረጢቱን ቀን እኔ፣ ማታ ወንድሜ እንደፋለታለን፤ ሌሊት የሞላ እንደሆነ ደግሞ ክፍሌ ቅርብ ስለሆነ የምነሳው እኔ ነኝ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ሸሚዛቸው ሳይተኮስ፣ ጫማቸው ሳይወለወል ከደጅ የማይወጡ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ሴት ልጁ ሽንቱን ስትደፋለት ምን እንደሚሰማው እኔ ልናገር አልችልም። የማውቀው፣ እኔ ከረጢቱ ሥር ጎንበስ ባልኩ ቁጥር እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ “ሽንኩርት ስንት ገባ?” ብለው እንደሚጠይቁኝ ነው። ሁልጊዜ ሽንኩርት። እኔም ዋጋውን እነግራቸዋለሁ፣ “ጉድ ነው” ይላሉ፣ ከረጢቱ ባዶ ይሆናል፣ ያልፋል።

ወንድሜ ከረጢቱን አይቶ፣ “ትላንት ቀይ ሥር በልተዋል፣ እሱ ነው” አለ። እውነትም በልተዋል፤ ቀይ ሥር ሽንት እንደሚያቀላም ሰምቻለሁ። እስከ ሰኞ እንጠብቅ አልን። ሰኞ ጠዋት ግን ሐምራዊው ይበልጥ ደምቆ ጠበቀን። አሜሪካ ሜሪላንድ ላለችው እህቴ ፎቶ ላክሁላት፤ ሌሊታቸው ቢሆንም ወዲያው ደወለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። የጎረቤታችን እማማ መጥተው አዩና ሦስት ጊዜ አማትበው፣ “ልጄ፣ ይሄ የሰው እጅ ነው” አሉኝ፣ ጠበልም ሰጡኝ። ጠበሉን ረጨሁ። ከረጢቱን ደግሞ እንደገና ፎቶ አንስቼ ሠፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ሮጥኩ። እዚያ የተቀበለኝ ሰው ስልኬን አንድ ጊዜ አየት አድርጎ፣ “ደም ነው፣ ይተኛሉ” አለኝ። ደም እንደዚህ ሆኖ አያውቅም ብለው ተቆጣ። ተመለስኩ።

ማክሰኞ ወንድሜና የጎረቤት ልጅ ደግፈዋቸው ሆስፒታል ወሰድናቸው። ረጅም ሰዓት ከጠበቅን በኋላ ያየቻቸው ሐኪም ልጅ እግር ናት፤ የመጀመሪያዋን ልጄን ዕድሜ ብትበልጥ በጥቂት ነው። ከረጢቱን ስታይ አልደነገጠችም፤ እንዲያውም ደስ ያላት መሰለኝ። “በመጽሐፍ ነበር የማውቀው፣ በዓይኔ ሳየው ሁለተኛዬ ነው” አለች። ከዚያ ከረጢቱን ከሥሩ ከፍታ ትንሽ ሽንት ወደ ብርጭቆ ቀዳችና ወደ መስኮቱ አነሳችው። ደፍረስ ያለ ቢጫ ነው። ሐምራዊ የሆነው ከምንም በላይ ፕላስቲኩ ነበር።

ያን ቀን የነገረችንን በገባኝ መጠን ልንገራችሁ፤ ካቴተር የያዘ አባት ወይም እናት ቤታችሁ ካለ አንድ ቀን ሊገጥማችሁ ይችላልና።

ነገሩ የሚጀምረው ከምግብ ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ፣ ምስር ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከተገነባባቸው ቅንጣቶች አንዱ ትሪፕቶፋን ይባላል። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግድ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፍሬድሪክ ሆፕኪንስ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ከወተት ፕሮቲን ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ሰውነት ከትሪፕቶፋን ብዙ ነገር ይሠራል፤ የራሱን ፕሮቲን፣ ሴሮቶኒን የሚባለውን መልእክተኛ፣ ናያሲን የሚባለውን ቫይታሚን። ጥቂቱ ግን ሳይመጠጥ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲሳይ ይሆናል። እነሱ ሰብረው ኢንዶል የሚባል ነገር ያደርጉታል። ኢንዶል በደም ወደ ጉበት ይሄዳል፣ ጉበት ወደ ኢንዲካን ይለውጠዋል፣ ኩላሊት ከሽንት ጋር ያስወጣዋል። ኢንዲካን በእኔም በእናንተም ሽንት ውስጥ አለ። ቀለም የለውም፤ ስለዚህ አናየውም።

ሆዱ የደረቀ ሰው ላይ ግን ሰገራው አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ባክቴሪያዎቹ ረጅም የሥራ ሰዓት ያገኛሉ። ኢንዶሉ ይበዛል፣ ኢንዲካኑም ይበዛል። በዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ካቴተር የያዘ ሰው ቱቦና ከረጢት ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ኢንዲካኑን ሰብረው፣ በተለይ ሽንቱ አሲድነቱ ሲቀንስ፣ ሁለት ቀለም ያወጡበታል። አንዱ ኢንዲጎ ነው፣ ሰማያዊ። ሌላው ኢንዲሩቢን ነው፣ ቀይ። ሰማያዊና ቀይ ሲቀላቀሉ ምን እንደሚሆኑ ትንሹ ልጄም ያውቃል። ቀለሙ ፕላስቲክ ስለሚወድ ከረጢቱንና ቱቦውን ይዞ ይቀራል።

“ኢንዲጎ ማለት የጂንስ ሱሪ የሚቀለምበት ነው” አለች ሐኪሟ።

አባባ ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። “ታዲያ ማቅለሚያ ቤት ከፈትኩ በይኛ!” አሏት።

ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1978 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ተጽፎ ከወጣ ወዲህ የራሱ ስም እንኳ አለው፤ በአማርኛ ብንለው “የሐምራዊ ሽንት ከረጢት ምልክት” ነው። በአብዛኛው በራሱ ክፉ አይደለም። ግን ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛ፣ የሽንት መስመሩ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን። ሁለተኛውን ስትጠይቅ ነው እኔ የተያዝኩት።

“አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ሰገራ የወጡት መቼ ነው?” አለችኝ፤ እኔን ነው የጠየቀችው።

የደም ግፊት ክኒናቸውን ሰዓት አውቃለሁ። ካቴተሩ የተቀየረበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጽፌያለሁ። የሚወዱትን ዳቦ የሚጋግረውን ቤት፣ የሬዲዮ ፕሮግራማቸውን ሰዓት አውቃለሁ። ይህን ግን አላውቅም ነበር። መጸዳጃ ቤት ራሳቸው ገብተው በሩን ዘግተው ይቀመጣሉ፤ ሽንታቸውን የምደፋ ሴት ልጅ ቢያንስ ያንን በር ልተውላቸው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አክብሮት መስሎኝ ነው።

“ደህና ነኝ፣ ይሄዳል” አሉ አባባ።

ሐኪሟ ሆዳቸውን ጫን ጫን አድርጋ አየችና፣ “ስንት ቀን ሆነ አባቴ?” አለቻቸው። ዝም አሉ። ቆይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና፣ “ስድስት” አሉ።

“ውኃስ ይጠጣሉ?”

እዚህ ላይ እኔ ቀደምኩ። ጠዋት ጠዋት ጆግ ሞልቼ አጠገባቸው አስቀምጣለሁ፣ ማታ ባዶ ነው የማገኘው፣ ስለ ውኃ ችግር የለም አልኩ። ሐኪሟ አባባን ማየቷን አልተወችም። እሳቸውም ግድግዳውን።

“አበባውን አጠጣበታለሁ” አሉ።

መስኮታቸው ላይ በቆርቆሮ የተከልኩት አበባ አለ። እንዲያው ዘንድሮ እንዴት አማረበት፣ ፀሐዩ ተስማማው፣ እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳሳይ ነበር የከረምኩት።

“ለምን አባባ?” አልኩ።

“ስጠጣ ይሞላል። ሲሞላ ሌሊት ትነሻለሽ።”

በዚያች ሰዓት አለቀስኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ልጅ ሆኜ እግሬን ጠርሙስ ቆርጦኝ ስደብቅ በዚሁ ተረት ነበር የገሠጹኝ። ተናድጄ ኮሪደር ወጣሁ፣ እዚያ ቆሜ ሌሊት ሌሊት ስነሳ በእንቅልፍ ልቤ የማሰማውን ቃል አስታወስኩ። “ኤጭ” እላለሁ። ለማንም አይደለም፤ ጫማዬ ሲጠፋኝ፣ መብራት ሲጠፋ። እሳቸው ግን ይሰሙ ነበር ማለት ነው።

ወደ ሕክምናው ልመለስ። ካቴተሩም ከረጢቱም ያኔውኑ ተቀየረ። ሽንታቸው ለካልቸር ተላከ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መቃዠት ስላልነበራቸው ሐኪሟ አንቲባዮቲክ ወዲያው አላዘዘችም። ቱቦ ለረጅም ጊዜ የያዘ ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ አይቀርም፣ ሁሉንም በመድኃኒት ብናሳድድ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው የምናፈራው አለችኝ። ከእነዚያ ምልክቶች አንዱ ከታየ ግን፣ ወይም ሽንት መውረዱን ካቆመ፣ ወይም ሰውዬው ድንገት ከፈዘዘና ነገር ከተምታታበት፣ ነገን ሳትጠብቁ አምጡ ብላ አስጠነቀቀችን። ሐምራዊው ቀለም አያስሮጥም፤ እነዚህ ግን ያስሮጣሉ።

ለሆዳቸው ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ ታዘዘ። ተልባ፣ ፓፓያ፣ አትክልት ጨምሩ ተባልን። ውኃውን በተመለከተ ልባቸውን አይታ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ወሰነችላቸው፤ ልብ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሰው ዝም ብሎ ውኃ አይሞላበትምና ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ የእኛን ልክ አትውሰዱ። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ ዝቅ ብሎ፣ መሬት ሳይነካ ይንጠልጠል፤ ጢም እስኪል አይጠበቅ። አዲሱ ከረጢት በሁለተኛው ቀን ሳየው ንጹሕ ቢጫ ነበር። ሽንት አይቼ እልል ለማለት የቃጣኝ ያን ቀን ነው።

አሁን ስለ እህቴ። ማክሰኞ ማታ ሁሉንም ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ረቡዕ ግን ሌላ ነገር ይዛ መጣች። “እታለም፣ ትሪፕቶፋን ያልሽውን ሳነብ አደርኩ። በሽንት የሚለካ ምርመራ አለ፣ ቤት ድረስ ይልኩታል። ኪኑሬኒን፣ ዛንቱሬኒክ አሲድ፣ ኢንዲካን፣ የሴሮቶኒን ውጋጅ፣ ሁሉንም ይለካል። የአንጀቱን፣ የስሜቱን፣ የቫይታሚኑን ሁኔታ ይናገራል። አዝዣለሁ፣ ሰው ሲመጣ እልክልሻለሁ።” ዋጋውን ስትነግረኝ በብር አባዝቼው ዝም አልኩ።

ሁለት ሳምንት ቆይተን ለቀጠሮ ስንመለስ እህቴ የጻፈችልኝን ዝርዝር ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ አላሾፈችም። አንድ በአንድ አየችው።

የሴሮቶኒን ውጋጅ የተባለው 5-ኤችአይኤኤ ይባላል። እውነተኛ ምርመራ ነው፤ አንጀትና ሳንባ ላይ የሚነሳ፣ ሴሮቶኒን የሚያመርት አንድ ዓይነት ብርቅ ዕጢ ሲጠረጠር የ24 ሰዓት ሽንት ተጠራቅሞ ይለካል። ከዚያ በፊት ለጥቂት ቀናት ሙዝ፣ አናናስ፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም አይበላም፤ እነሱ ብቻቸውን ቁጥሩን ያስወጡታልና። “ጠዋት ሁለት ሙዝ የበላ ሰው ውጤቱን አይቶ ካንሰር ያዘኝ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል” አለችኝ። ስሜትን ይናገራል ለሚባለውም፣ የሰውነታችን ሴሮቶኒን አብዛኛው የሚገኘው አንጀት ውስጥ ስለሆነ፣ ሽንት ላይ የሚታየው ቁጥር አንጎል ውስጥ ስላለው አይነግረንም።

ዛንቱሬኒክ አሲድ ደግሞ ቫይታሚን ቢ6 ሲጎድል በሽንት ይበዛል። ትሪፕቶፋን መንገዱን ጨርሶ ናያሲን ለመሆን ቢ6 ያስፈልገዋል፤ ካጣ መንገድ ላይ ይታጠፍና በዚህ መልክ ይወጣል። በፊት ለበሽተኛ ትሪፕቶፋን አውጠው ሽንቱን በመለካት የቢ6 እጥረትን ይፈትሹ ነበር። ግን ነፍሰ ጡር ሴት ላይ፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ላይም ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አያስተማምንም።

ቢ6 ስትል እማዬ ትዝ አለችኝ፣ ነፍሷን ይማርና። የቲቢ መድኃኒት ስትወስድ እግሯን መርፌ እንደሚወጋት ትናገር ነበር። ለካ ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ አይሶኒያዚድ የሚባለው፣ ቢ6ን ያጎድላል። ያኔ የጤና ጣቢያው ነርስ ሽንቷን ለዚህ አልመረመረችም። “እግሬን” ስትላት ሰማቻትና አንዲት ትንሽ ክኒን ጨመረችላት።

“ኢንዲካኑስ?” አልኩ።

“እሱንማ አባትዎ በነፃ አሳይተውናል” አለች ሐኪሟ። በዚያ ላይ በካቴተር የወረደ፣ ባክቴሪያ የሞላበት ሽንት ቢላክ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ውጤቱን ያዛቡታል። ምርመራዎቹ ውሸት አይደሉም፤ ጥያቄ ሲኖር ነው መልስ የሚሆኑት። ያለ ጥያቄ ሲላኩ የሚመጣው ወረቀት ነው።

ይህንን ለእህቴ እንዴት እንደምነግራት ሳስብ ነበር የተመለስኩት። ገንዘቡ አይደለም ያሳሰበኝ። እኔ አባባ አጠገብ ነኝ፤ ስነካቸው ትኩሳታቸውን አውቃለሁ፣ ሲያፍሩ አያለሁ። እሷ አሥራ አራት ዓመት ያየቻቸው በስልክ መስታወት ነው። በእጇ የምትይዘው አንድ ቁጥር፣ አንድ “ደህና ነው” የሚል ወረቀት መፈለጓን ልፈርድበት አልችልም። እኔ ራሴ በየቀኑ ባዶ ጆግ አይቼ ደህና ናቸው ስል አልነበር? የእኔ ወረቀት ጆጉ ነበር።

እሑድ በቪዲዮ ስትደውል ስልኩን ለአባባ ሰጠኋቸው፣ የሐኪሟን ነገር ራሳቸው እንዲነግሯት። ከሁሉ በፊት ግን እሷ፣ “አባባ፣ ሆድዎስ?” አለቻቸው። እኔ ወደ ግድግዳው ይዞራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ትንሽ አሰቡና፣ “ትላንት ወጥቻለሁ” አሉ፣ ልክ የወር መዝገብ እንደዘጋ ሰው። እህቴ በዚያ ጫፍ አለቀሰችም ሳቀችም።

የእህቴ ሣጥን በጥር አንዲት መንገደኛ ይዛልኝ መጣች። ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፣ አልተከፈተም። አባባ አሁን የራሳቸው ምርመራ አላቸው። ትንሹ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከረጢቱ ላይ ያለውን ቁጥር ያነብላቸዋል፣ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው በድሮው የሒሳብ ሠራተኛ ጽሕፈታቸው ደብተር ላይ ያሰፍራሉ፤ ገቢ በአንድ በኩል፣ ወጪ በሌላ በኩል። ልጄ እንደኛ እርስዎ አይላቸውም፣ አንተ ነው የሚላቸው። ባለፈው ሳምንት ከቱቦው ጫፍ ላይ ለስለስ ያለ ሐምራዊ አይቶ፣ “አባባ፣ ጂንስህ መጣ!” ብሎ ሲጮህ ከወጥ ቤት ሰማሁት። ስደርስ አባባ ብርጭቋቸውን ይዘው ውኃ እየጠጡ ነው።

“ተልባ አለሽ?” አሉኝ።

ከረጢቱን ልደፋ ጎንበስ አልኩ። ሽንኩርት ስንት እንደገባ አልጠየቁኝም። “ስንት ሆነ?” ነው ያሉኝ፣ ብዕራቸውን ከደብተሩ ላይ አንስተው።

“1400” አልኳቸው።